ቀይ አንሶላ

ስፔሻሊቲዬን ጨርሼ ወደ ጂንካ የተመለስኩ ሰሞን የእናቴ ጎረቤቶች አንድ ጥያቄ ነበራቸው። «የቤተሰብ ሐኪም ሆና መጣች አሉ፤ የማን ቤተሰብ?»

እውነታቸውን ነው። የልብ ሐኪም ልብ ያክማል፣ የዓይን ሐኪም ዓይን ያክማል። የቤተሰብ ሐኪም ሲባል ግን የታያቸው አንድ ባለጸጋ ቤት ተቀጥሮ የአባወራውን ደም ግፊት የሚለካ ሰው ነው። «የሁላችሁም ቤተሰብ» ስላቸው ይስቁብኛል። አንዷ እንዲያውም ለእናቴ አዝናላት «አይዞሽ፣ ቀስ ብላ አንዱን ትመርጥ ይሆናል» ብላታለች።

እኔ ግን አውቄ ነበር የመረጥኩት። የተወለድኩት እዚሁ ጂንካ ነው። ወላጆቼ ከሰሜን የመጡ ሰዎች ልጆች ናቸው፤ አባቴ ነጋዴ ነበር። ደርግ ሲወድቅ ገና ፊደል እቆጥር ነበር። ያኔ የአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ከተማው መሀል ነበር፤ ላሞች ሲግጡበት ይውሉና አውሮፕላን የመጣ ለት ይባረራሉ፤ እኛም ልጆቹ ከላሞቹ ጋር እንባረራለን። ከሜዳው ዳር ቆሜ በቃሬዛ ወደ ሕክምና የሚያልፉ ሰዎችን ሳይ አድጌአለሁ። ከሐመር፣ ከበና፣ ከፀማይ ቆላ የሚመጡት ሁልጊዜም ዘግይተው ነበር የሚደርሱት። ሐኪም ስሆን ሰው ቃሬዛ ላይ ሳይወጣ ቤቱ ድረስ ሄጄ አገኘዋለሁ ብዬ ነበር። የቤተሰብ ሕክምናን የተማርኩት ለዚህ ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

መጀመሪያ አካባቢ እንዳልኩት አደረግሁ። ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ጋር ሞተር ላይ ተፈናጥጬ ያልረገጥኩት ቀበሌ አልነበረም ማለት ይቻላል። ዲመካ ገበያ ላይ ደም ግፊት ለክቻለሁ፤ ወይጦ መንገድ ዳር ግራር ሥር ሕፃናት መዝኛለሁ። ከዚያ በትንሽ በትንሹ ሆስፒታሉ ዋጠኝ። ተመላላሽ ክፍሉ ሰው በዛበት፣ ሐኪም ጎደለ፣ መድኃኒት ጠፋ፣ የመስክ መኪናው ተበላሽቶ ግቢ ውስጥ ሣር በቀለበት። ስብሰባ ብቻ አልጠፋም። ጠዋት ሪፖርት፣ ከሰዓት ግምገማ፣ በመሀል በሽተኛ። መስክ መውጣት ቀርቶ ከክፍሌ ወጥቶ ፀሐይ መሞቅ ብርቅ ሆነብኝ።

ሐዋሳ ያለው ወንድሜ ደግሞ ከመደወል አያርፍም። ወንድምጋሼ ነው የምለው፤ በብዙ ዓመት ይበልጠኛል። ከጓደኞቹ ጋር የግል ክሊኒክ ከፍቶ «ክፍልሽ ተቀብቶ አልቋል፤ የቀረው ስምሽን በሩ ላይ መለጠፍ ነው» ይለኛል። «እስከ መቼ ነው እዚያ አቧራ የምትቅሚው?» ሲለኝ መጀመሪያ እቆጣው ነበር። በኋላ መቆጣቱንም ተውኩና «እስቲ አስብበታለሁ» ማለት ጀመርኩ። ይህን ስል ራሴን ስሰማ ነው መድከሜ የገባኝ።

የቆረጥኩት አንዲት ሴት የሞተችብን ለት ነው። የበና ሴት ናት፤ ከካኮ ማዶ ካለ መንደር በአምቡላንስ መጣች። መኪና የተጠራው ቤቷ ስታምጥ ከቆየች በኋላ ነው። ሆዷ ላይ የቀድሞ ቀዶ ሕክምና ጠባሳ ነበር። አንድ ጊዜ በቀዶ ሕክምና የወለደች ሴት ቀጥሎ ስታረግዝ ምጥ ሳይጀምራት ሆስፒታል አጠገብ መሆን አለባት፤ አለዚያ በምጡ ኃይል ማሕፀኗ በጠባሳው በኩል ሊቀደድ ይችላል። የእሷም ተቀደደ። ቀዶ ሕክምና ክፍል ስናስገባት ደሟ አልቆ ነበር፤ ልጁም አልተረፈም። ጠባሳው የእኛው ሆስፒታል ሥራ ነው። አንድ ጊዜ አድነን ወደ ቤቷ የሸኘናት ሴት ናት። ታዲያ ለምን ተመልሳ አልመጣችም?

ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ እኮ የእናቶች ማቆያ ቤት አለ። እንዲህ ያሉ እናቶች ወራቸው ሲገባ መጥተው ቀናቸውን የሚጠብቁበት ነው። ቆርቆሮው ያብረቀርቃል፣ አልጋው ተነጥፏል። ከከተማው ዙሪያ የአሪ ሴቶች ይመጡበታል። ከቆላ ግን ማንም አይመጣም ነበር።

ግምገማው ላይ ይህንኑ ጠየቅሁ። አንዱ «ባህል ነው» አለ። ሌላው «የግንዛቤ እጥረት» አለ። ቃለ ጉባኤው ላይ «የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥራው ተጠናክሮ ይቀጥል» ተብሎ ተጻፈና ወደሚቀጥለው አጀንዳ ታለፈ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ «ባህል» የሚለውን ቃል ስሰማ ቆሽቴ ነው የሚያርረው። ሰው መጠየቅ ሲሰለቸው የሚያነሳው ቃል ነው። ግን እኔም ሰልችቶኝ ነበር፤ እጄን አውጥቼ አልተከራከርኩም። ከስብሰባው ወጥቼ ለወንድሜ ደወልኩና «በወሩ መጨረሻ እመጣለሁ» አልኩት። ለሜዲካል ዳይሬክተሩም ነገርኩት። ደግ ሰው ነው፤ አልለመነኝም፣ «ገባኝ» ብቻ አለኝ።

በዚያው ወር ካኮ ላይ ሰኞ የክትባት ዘመቻ ነበር። ተራው የደረሰው ባልደረባዬ ታመመና እኔን ለመኑኝ። እግሬን እየጎተትኩ ሄድኩ። ሰኞ ደግሞ የካኮ ገበያ ቀን ነው። ከየመንደሩ የወረዱ ሴቶች ማሽላቸውን፣ ማራቸውን፣ ቅቤያቸውን በቅል በቅል ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ ወንዶቹ ፍየል ይጎትታሉ፤ ቦርዴ የሚሸጥበት ዳስ ገና በጠዋቱ ሞቅ ብሏል። እኛ ከዛፍ ሥር ጠረጴዛ ዘርግተን ሕፃናት እናስለቅሳለን።

የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የበና ልጅ ናት፤ አማርኛን የተማረችው ትምህርት ቤት ነው። ወንድ ሴት ሳትለይ ሁሉንም «አንተ» ትላለች፣ እኔንም ጭምር። ሥራችን ጋብ ሲል እጄን ይዛ ወደ ቅቤ ተራው ጎተተችኝ።

«ዶክተር፣ አንተ ና። አንድ ሴት አለ። እሱም እንደዚያ እንደ ሞተው ሴት ሆዱ ተቀዶ ነው የወለደ። አሁን ደግሞ እርጉዝ ነው።»

ሴትዮዋ ቅቤ የሞላ ቅል እግሮቿ መሀል አቁማ ተቀምጣለች። ገና ወጣት ናት። ጸጉሯ በቅቤና በቀይ አፈር ተለውሶ፣ ተጠቅልሎ ተጠቅልሎ ግንባሯና ማጅራቷ ላይ ወርዷል፤ ትከሻዋና የለበሰችው የፍየል ቆዳ ሳይቀር ቀልቷል። ፈቃዷን ጠይቄ ጠባሳውን አየሁት። የእኛው ስፌት ነው። ያን ሁሉ አደጋ በኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አፍ አስረዳኋት፤ ወርሽ ሲገባ ማቆያው ቤት ነይ፣ እዚያ ሆነሽ ጠብቂ አልኳት። ጨርሼ ስጠብቅ ራሷን ነቀነቀች። አልመጣም ነው።

እኔ ልደረድር የነበረው የተለመደውን ምክር ነው። ከዚያ ያ ግምገማ ትዝ አለኝና አፌን ያዝኩ። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩና «ለምን?» አልኳት።

የነገረችኝን በእኔ አማርኛ ላስቀምጠው። «አዳናችሁኝ፤ ይህን አልረሳም» አለች። «ግን ስመጣ አንሶላው ይቆሽሻል ብላችሁ ቧንቧ ሥር አንበርክካችሁ ጸጉሬን በሳሙና አጠባችሁት። ምጥ ላይ ሆኜ።» ቀዩ አፈር እስኪለቅ ድረስ አጥበዋታል። ወልዳ፣ ተሽሏት፣ ልጇን አቅፋ ወደ መንደሯ ስትመለስ አማቷና ጎረቤቶቿ ከሩቅ አዩአት። ጸጉሯ ደርቆ ተበትኗል። በእነሱ ዘንድ ያገባች ሴት እንዲህ ሆና የምትታየው ሐዘን ሲደርስባት ነው። ልጁ ደግሞ በጨርቅ ተጠቅልሎ እንቅልፍ ወስዶታል። ሬሳ ይዛ የመጣች መሰላቸውና እዬዬ ብለው ወጡ።

«ልጄ ገና ቤቱ ሳይገባ ተለቀሰበት» አለችኝ። «አሁንም ባሳለው ቁጥር አማቴ ያን ለቅሶ ታነሳለች። ሌላ ልጅ ወልጄ በቁሙ እንዲለቀስበት አልፈልግም። ያቺ የሞተችውም ይህን ታውቅ ነበር። እዚህ ያለን ሴቶች ሁላችንም እናውቃለን።»

ዙሪያዋን የተቀመጡት ቅቤ ሻጮች ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረዋል። አንዷ ብቻ እጇን ወደ ራሷ ጸጉር ሰደደችና መልሳ ጭኗ ላይ አኖረችው።

ያን ጊዜ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም፤ ንዴት ነው። እንዲህ ያለ ንዴት ተናድጄ አላውቅም። አንዲት ሴት በሳሙና ምክንያት ሞታለች፣ እኛ ደግሞ «ግንዛቤ» ብለን ጽፈናል! ከንዴቱ ጋር ግን ብዙ ወራት የራቀኝ ነገር አብሮ መጣ። ጉልበት ልበለው። መድኃኒት ከየት እንደማመጣ አላውቅም፣ መኪናውን ማስጠገን አልችልም፤ የሰው ጸጉር አለማጠብ ግን እንዴት ያቅተናል?

«ጸጉርሽ ባይነካስ ትመጫለሽ?» አልኳት።

ሳቀችብኝ። «እናንተ?» አለች። ልጁን የምትጠብቀው ማሽላው ሲታጨድ እንደሆነ ግን ነገረችኝ። ያ ደግሞ እኔ ሐዋሳ ገብቼ፣ ስሜ በሩ ላይ ተለጥፎ፣ ከብዙ በኋላ ነው።

ጂንካ እንደደረስኩ ልብሴን ሳልቀይር ወደ ማዋለጃ ክፍል ገባሁ። የክፍሉን ኃላፊ ሁሉም «ሲስተር» ነው የሚላቸው። በልጅነቴ ክትባት የወጉኝ እሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ ዶክተር ብሆንም ለእሳቸው ያው መርፌ ስታይ አልጋ ሥር የምትገባ ልጅ ነኝ። እንደዚያ ቆፍጣና፣ እንደዚያም ሥራቸውን የሚወዱ ሰው አላየሁም።

«ሲስተር፣ የቆላ ሴቶችን ጸጉር የሚያሳጥቡት እርስዎ ነዎት?»

«ታዲያ ማን ሊሆን ኖሯል?» አሉኝ። «አንሶላ እንደሌለኝ ታውቂያለሽ። ሳሙና የለኝም፣ ውኃው ሲፈልግ ይመጣል ሲፈልግ ይጠፋል። ያ አፈር አንዴ ከነካው አይለቅም። ከዞን ሊጎበኙ ሲመጡ ‹ይህ ደም ነው› ብለው የሚያዋርዱት እኔን እንጂ አንቺን አይደለም። ሆስፒታል ነው ልጄ፣ ንጹሕ መሆን አለበት። ለእነሱም ብዬ ነው።»

ካኮ የሰማሁትን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ለቅሶው ጋ ስደርስ የያዙትን ጎዝ አስቀመጡት።

«በሕይወት ያለ ልጅ?» አሉ።

«በሕይወት ያለ ልጅ።»

«ይህን ማንም አልነገረኝም» አሉ። ከዚያ ወዲያው ፊታቸው መልሶ ጠጠረ። «እሺ፣ ምን ላድርግ ታዲያ? ወላድ በቆሸሸ አንሶላ ላይ ላስተኛ? መልሱን አምጪልኝና እታዘዛለሁ።»

ጥያቄያቸው ትክክል ነበር፤ ያናደደኝም እሱ ነው። መልሱን እያሰላሰልኩ በማግሥቱ ወደ እናቴ ቤት ሄድኩ። ምሳ አቅርባልኝ ሳልበላ የአባቴን አሮጌ ሱቅ አያለሁ። አባቴ ካረፈ ወዲህ ሱቁ የእህል መጋዘን ሆኗል፤ ባንኮኒው ግን እንዳለ አለ፤ ቀይ ነው። አባቴ ዶቃ ስለሚሸጥ ደንበኞቹ የበናና የሐመር ሴቶች ነበሩ፤ ዶቃውን ሲመርጡ ባንኮኒው ላይ ይደገፉና ጸጉራቸውና ክንዳቸው ያቀላዋል። እናቴ ስታጥብ ስታጉረመርም ሰለቸውና አንድ ቀን ጠቆር ያለ ቀይ ቀለም ገዝቶ ቀባው። በዚያው አለቀ፤ ማንኛዋም ደንበኛ ታጠቢ አልተባለችም።

ከእናቴ ቤት በቀጥታ ገበያ ወረድኩ። ከዚያው ከባንኮኒው ቀለም የማይርቅ፣ ጠቆር ያለ ቀይ ጨርቅ መረጥኩ፤ ልብስ ሰፊው «ለሠርግ ነው?» ሲለኝ «ለወሊድ» አልኩት። አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ እንዲሁም ለራስ መጠቅለያ የሚሆን ሻሽ አሰፋሁ። ከትራሱ ሥር የሚነጠፍ ላስቲክም ቆረጥኩ።

ሲስተር ጨርቁን ዘርግተው በፀሐይ አዩት። «ደምስ እንዴት ይታየኛል በዚህ ላይ?» አሉ። ያላሰብኩት ነገር ነው። ተከራከርን፣ ተቆጣን፣ ተስማማን፤ ከወገብ በታች ነጭ፣ ከራስጌ ቀይ። ግማሹን አንሶላ ፈትተን እንደገና አሰፋነው።

ሜዲካል ዳይሬክተሩ ዘንድ ስገባ ሐሳቡን እስከ መጨረሻው ሰማኝ። «ጥሩ ነው» አለ። «ግን አንቺ እየሄድሽ እኮ ነው። ነገ አዲስ ሠራተኛ ይመጣና የለመደውን ያደርጋል፤ እንደገና አንዷን ካጠቧት ደግሞ ከዚህ በኋላ ማንም አያምነንም። ማን ይከታተለዋል?»

ፊቱ ላይ ተንኮል ፈለግሁ፤ አልነበረም። ከልቡ ነው የጠየቀኝ። «ያቺ ሴት እስክትወልድ አልሄድም» አልኩት።

ለወንድሜ ማስረዳቱ ባሰ። «አንዲት ሴት እስክትወልድ?» አለኝ። «ዘመዳችን ናት?»

«ታካሚዬ ናት።»

«እዚህም ብዙ ታካሚ ይወልዳል እኮ!»

«ወንድምጋሼ፣ እዚያ የሚወልዱት ያለ እኔም ይወልዳሉ» አልኩትና ስልኩን ዘጋሁት። በሕይወቴ ስልክ ስዘጋበት የመጀመሪያዬ ነበር።

በሚቀጥለው ሰኞ ቀዩን አንሶላ በፌስታል ይዤ ካኮ ተመለስኩ። ከገበያው ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሞተር ላይ ጫነችኝና ደረቁን አሸዋማ ወንዝ ተሻግረን መንደሩ ገባን። የሴትዮዋ አማት ደጃፏ ላይ ማሽላ ትፈጫለች። ወፍጮውን ሳታቆም አየችኝ። ማን እንደሆንኩ ሲነገራት ማቆም ቀርቶ መጁን ይበልጥ ተጫነችው። ለመፍጨት ያመጣችው ሁሉ እስኪያልቅ ጠበቅኋት። ከዚያ አንሶላውን ዘረጋሁት።

አማቲቱ ጨርቁን ዳሰሰችው፣ አሸተተችው። ቀጥሎ ያደረገችውን ግን አልጠበቅሁም። ተንበረከከችና ጭንቅላቷን አንሶላው ላይ አሳረፈች፤ ወዲህና ወዲያ እያለች አሸችው። ቀና ብላ ጨርቁን ገልበጥ አድርጋ አየችው። ቅባቱ ታትሟል፤ ቀለሙ ግን ከጨርቁ አልተለየም። አንድ ነገር ተናገረችና ሁሉም ሳቁ።

«ምን አለች?» አልኩ።

«ጨርቁ ጎበዝ ነው፣ ግን የኛ አፈር ይበልጣል፣ አለ» አለችኝ ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ።

ሳቁ ሲያልፍ አማቲቱ ፊቴን ትክ ብላ አየችኝ። ከእንግዲህ ቀልድ የለም። «ምራቴ ከመጣች እኔም አብሬአት እመጣለሁ፣ አጠገቧም እተኛለሁ» አለች። ይሁን አልኩ። ቀጥላም «ጨርቅ አፍ የለውም። አንቺ እዚያ ከሌለሽ ነጭ ለባሾቹ ያጥቧታል። ትኖሪያለሽ?» አለችኝ። እስክትወልድ ድረስ እንደምኖር ቃል ገባሁ። ሴትዮዋ ራሷ ግን እመጣለሁም አልመጣምም ሳትል ፍየሎቿን ልትመልስ ተነሳች።

ከዚያ የመጠበቅ ጊዜ መጣ። ቀዩ አንሶላ ቁም ሣጥን ውስጥ ታጥፎ ተቀመጠ። ሆስፒታሉ ውስጥ ስሜ «ባለ ቀይ አንሶላዋ» ሆነ። ካፍቴሪያ ስገባ «ሙሽሪት አልመጣችም?» የሚለኝ አይጠፋም። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ቡናዬን እጠጣለሁ። በየሰኞው ካኮ እወርድ ጀመር፤ መኪና ሳገኝ በመኪና፣ ሳጣ በሚኒባስ። የሄድኩት ለእሷ ነው፤ ነገር ግን ገበያው ላይ አንዴ ከተቀመጥኩ ያቺ የሚጥል በሽታ ያለባት፣ ያ እግሩ የቆሰለው፣ ያች የምታስለው አሮጊት ይመጣሉ። ሴትዮዋ ሰኞ ሰኞ ቅቤዋን ትሸጣለች፣ ሆዷን ታስለካኛለች፣ ስለ መምጣት ሳነሳ ወደ ፍየሎቹ ታያለች።

ማሽላው ተቆረጠ። ያለ ወቅቱ ዝናብም ጣለ። በአንዱ ሰኞ ገበያው ላይ አጣኋት። ሞተር ተከራይቼ ወንዙ ድረስ ብሄድ ያ አሸዋው ሁሉ ጠፍቶ ቀይ ውኃ ዛፍ እየነቀለ ይሄዳል። ከወዲህ ማዶ ቆምኩ። ምጡ ዛሬ ቢጀምራት ያለችው ከወዲያ ነው፣ እኔ ከወዲህ፤ ይህን ውኃ በንዴትም በጉልበትም አልሻገረውም። ፈራሁ። ያች የሞተችብን ሴት ከአምቡላንስ ስትወርድ የነበረው ፊቷ መጣብኝ። ውኃው እስኪጎድል ዳሩ ላይ ቆምኩ፤ አልጎደለም፤ ጭቃ ለብሼ ተመለስኩ። በማግሥቱም ሄድኩ።

በማግሥቱም አልተሻገርኩም። ከዚያ በኋላ ባለው ቀን ተመላላሽ ክፍል በሽተኛ እያየሁ ስልኬ ጮኸ። ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት።

«ዶክተር! ውኃው ጎድሏል። ተሻግሯል። አሁን መኪና ላይ ወጥቷል።»

«ምጥ ጀምሯታል?»

«አይ፣ ይስቃል።»

ከቀትር በኋላ በእግራቸው ከመናኸሪያ መጡ። ሴትዮዋ ከፊት፣ አማቷ ከኋላ፣ ሦስተኛ ሆና አንዲት ዝምተኛ ሴት የዱቄት ስልቻ ተሸክማ። የሴትዮዋ ጸጉር አዲስ ተቀብቷል፤ ለመንገድ ብላ ነው መሰለኝ ያን ያህል ቀይ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ማዋለጃው በር ላይ አንዷ የጽዳት ሠራተኛ እንደለመደችው ጆግና ሳሙና ይዛ ብቅ አለች። አፌን ከመክፈቴ በፊት ሲስተር ከውስጥ ጮኹባት።

«ተይ! መልሺው ያንን!» ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞረው ከላይ እስከ ታች አዩአት። ቀይ ሻሹን በገዛ እጃቸው አሰሩላት። «ግቢ እንግዲህ» አሏት፣ አማርኛ እንደማትሰማ እያወቁ። «ግድግዳውን ግን እንዳትደገፊ፤ ትናንት ነው የተቀባው።» ገብታ መጀመሪያ ያደረገችው ግድግዳውን መደገፍ ነበር። ሲስተር ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ማቆያው ቤት ቀይ አንሶላ ላይ ተኛች፤ አማቷ ከአልጋው ሥር ቁርበቷን አነጠፈች። ቀኑ ሲደርስ በቀዶ ሕክምና ወለደች፤ እኔ ረዳት ሆኜ ገባሁ። ሐኪሙ ሲከፍት ጠባሳው ሳስቶ እንደ ስስ ወረቀት ሆኖ አገኘነው፤ ምጥ ቢጀምራት አይችልም ነበር። እኔና ሐኪሙ ተያየን። ሴት ልጅ ናት፤ ወዲያው ጮኸች። ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል የሚገባ ሁሉ ቆብ እንደሚደረግለት ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት። ያን ሁሉ ዓመት ማጠቡ ለምን እንዳስፈለገ እስከ ዛሬ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም።

ሊወጡ ባሉበት ጠዋት ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ልትወስዳቸው መጣች። አማቲቱ የምራቷን ጸጉር ገና ጎሕ ሲቀድ ጀምራ በቅቤና በአፈር አድሳላታለች። ሕፃኗ በጩኸት ግቢውን አናውጣለች፤ አማቲቱ «እንዲህ እያለቀሰች ትግባ፣ ከሩቅ ይስሟት» አለች። እኔ ደክሞኝ፣ ደስ ብሎኝ፣ የገባሁትን ቃል ፈጽሜ በሩ ላይ ቆሜአለሁ። የሐዋሳው መኪና ለነገ ነበር፤ ሻንጣዬ ታስሯል።

ያን ጊዜ ያች ዱቄት ተሸክማ የመጣችው ዝምተኛ ሴት ወደ እኔ መጣች። እነዚያን ቀናት ሁሉ ስታበስል፣ ውኃ ስትቀዳ፣ በየጥጉ ተቀምጣ ሲስተርን ስታያቸው ነበር። ዘመድ ናት፣ ልትረዳቸው መጥታለች ብዬ አልፌአታለሁ። አሁን አጠገቤ ቆመችና የለበሰችውን ቆዳ በጎኗ በኩል ገለጠችው። ጠባሳ አላት። እሱም የእኛው ስፌት ነው። እጄን ይዛ ሆዷ ላይ አኖረችው፤ እርግዝናው ገና ከአራት ወር የማይበልጥ ነው።

ለካ ለመሸከም አልነበረም የመጣችው። ልታየን ነው የመጣችው።

ዓይን ዓይኔን እያየች ቀስ ብላ ተናገረች። ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትተረጉም ጀመር፤ «የእኔም ወር ይመጣል፣ ያን ጊዜ አንተ እዚህ...»

ተርጉማ ሳትጨርስ «አለሁ» አልኳት።